የአባቴ ሆድ ዝም ያለ ዕለት

በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ በጤና ረዳትነት ስሠራ፣ አንድ ጠዋት አጎቴ አባቴን ከውጫሌ በእህል መኪና ጭኖ አመጣብኝ። አባቴን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ቆይቷል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ሰገራው ቀርቶ ፈስ እንኳ አልወጣውም። ቤት ያሉት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቢያጠጡት ጭራሽ ባሰበት። ልብሱን ስገልጥ የድሮው ቀዶ ጥገና ጠባሳ ታየኝ። እኔ ሕፃን ሳለሁ የተከፈተበት ነው። ጠባሳው ውስጥ ለውስጥ አንጀቱን አጣብቆት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። በማዳመጫው ሳዳምጥ አንጀቱ ከተዘጋው ቦታ ጋር ሲታገል ይጮኻል። ግሉኮስ ሰክቼለት፣ ከግብርና መሥሪያ ቤት መኪና ለምነን ደሴ ይዘነው ገባን።

ሆስፒታሉ ከግንባር በመጡ ቁስለኞች ተጨናንቋል። አባቴን ያየው ሐኪም ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነበር። በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ አረንጓዴውን ፈሳሽ አወጣለት፤ ምግብም ውሃም ከለከለው። አጎቴ ለምን ቶሎ እንደማይከፍተው ሲጠይቀው፣ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚፈታ፣ ሆድ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አዲስ ጠባሳ እንደሚተርፍ አስረዳው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቁርጠቱ እየመጣ እየሄደ እስካለ ድረስ ጊዜ አለን» አለኝ። «የቁርጠቱ ጠባይ ከተለወጠ፣ ልቡ ከፈጠነ፣ ካተኮሰው፣ የትም ብሆን አስጠሪኝ።»

አባቴ ሰምቶ ሁለተኛ ቢላ እንደማይነካው፣ አላህ ካለው እንዲሁ እንደሚድን ነገረን።

እስኪነጋ በየሰዓቱ የልብ ምቱን ቆጠርኩ። ዘጠና አካባቢ ነበር። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አባቴ ዓይኑን ገልጦ «አልሐምዱሊላህ፣ ቁርጠቱ ተወኝ እኮ» አለኝ። ፊቱ ረግቧል። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! የልብ ምቱን ሳልቆጥር ሮጬ ለአጎቴ አበሰርኩት። እሱም ወደ ውጫሌ የሚመለስ መኪና ሊያፈላልግ ወጣ። እኔ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ማሽላው፣ ስለ በሬው ሲያወራ እሰማለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ እጁን ስይዘው በላብ ርሶ ቀዝቅዟል። ቆጠርኩ። መቶ ሃያ አራት። አላመንኩም፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ያ ሁሉ ጩኸት ጠፍቷል።

ሐኪሙን ከቀዶ ጥገና ክፍል አስጠራሁት። የአባቴን ሆድ አዳምጦ፣ በቀስታ ተጭኖ ድንገት ሲለቀው አባቴ ጥርሱን ነከሰ። «ይህ ዝምታ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ሰዓት ሳይሆነው አይቀርም፣ የልብ ምቱን አልቆጠርኩም አልኩት። አልተቆጣኝም። አንጀቱ ደም አጥቶ እየሞተ እንደሆነ፣ አሁኑኑ መከፈት እንዳለበት ነገረን።

ከመኪና ፍለጋ የተመለሰው አጎቴ ተሽሎት ያወራ የነበረን ሰው ለምን ታሳርጃለሽ ብሎ ተቆጣኝ። አባቴም ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ሐኪሙ ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶን ሄደ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አልተሻለህም። አንጀትህ ስለሞተ ነው ሕመሙ የተወህ።»

«እንዲሁ ብተኛስ?»

«ነገን አታያትም።»

ለአባቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፊቱን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰ። ከዚያ አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ፤ ቀለም ውስጥ ነክሬ የቀዶ ጥገናው ፈቃድ ወረቀት ላይ አስፈረምኩት።

ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ክንድ የሚያህል የጠቆረ አንጀት ቆርጦ እንዳወጣ፣ የቀረው ጤነኛ እንደሆነ ነገረን። አጎቴ ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ሱጁድ ወረደ። እኔ ግን ያቺን ሳልቆጥር ያሳለፍኳትን ሁለት ሰዓት እያሰብኩ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

በአምስተኛው ቀን አባቴ ፈሱ ሲወጣው በዙሪያው የተኙት ቁስለኞች ሳይቀሩ እንኳን ደስ አለህ አሉት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ሰው ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር «ልጄ ትሞታለህ ብላ ነው ያዳነችኝ» እያለ እየሳቀ ያወራ ነበር። እኔ ግን ያን ወሬ ሲጀምር ከቤት መውጣት እመርጥ ነበር።