የጂቱ ጠርሙሶች

ጂቱን «ጠርሙስ ደርዳሪ» ብሎ የሰደባት አሰልጣኝ ተክሉ ነው፤ ያውም በተጫዋቾቿ ፊት። ሱሉልታ እኔና እሷ አንድ ግቢ ስለተከራየን ያን ቀን ስትገባ ፊቷን አይቻለሁ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ጂቱ የጫንጮ ልጅ ናት። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበረች። እዚህ አገሩ ሁሉ የረጅም ርቀት ሯጭ ነውና የአጭር ርቀት ሩጫን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። እሷ ግን ለከተማችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የፍጥነት ልምምድ ታወጣ ነበር። ጠርሙስ አሸዋ ሞልታ ትደረድራለች፤ ልጆቹ በመሃሉ እየተጠማዘዙ፣ ስታጨበጭብ አቅጣጫ እየቀየሩ ይፈተለካሉ። ከዚያ ቁጭ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ንቅንቅ የለም፤ በማግሥቱም እረፍት ነው። የደከመ እግር ፍጥነት አይማርም ትላለች።

የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ተክሉ «ተቀምጦ ፍጥነት የት አገር ነው?» ብሎ ሳቀባት፣ አባረራት። ከዚያማ ልምምዷን የራሱ አስመስሎ ለክለቡ አለቆች አቀረበና ተጨበጨበለት። ዓይን አውጣ! የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

ጂቱ ቡራዩ ሄዳ እዚያ ያለውን ደካማ ቡድን ያዘች። ከእንግዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተክሉን በሕዝብ ፊት በገዛ ጠርሙሶቿ ማዋረድ።

ጠዋት ወደ ቡራዩ ታክሲ ልትይዝ ስትወጣ የተክሉ ተጫዋቾች በደጃችን ያልፋሉ። ሰውዬው ጠርሙሱን ሰርቆ እረፍቱን ጥሎታል። ሱሉልታ ውስጥ ልጆቹን ያስቀመጠ አሰልጣኝ ሰነፍ ይባላላ! ስለዚህ በእረፍታቸው ቀን ዳገት ያስወጣቸዋል። ሳምሪም አብራ ትሮጣለች፤ ጂቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሠለጠነቻት፣ እንደ ልጇ የምታያት አጥቂ ናት። ባለፈች ቁጥር በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ ጂቱ» ብላ እንዴት አደርሽ ሳትላት አታልፍም።

አንድ ጠዋት ሳምሪ የጭኗን ጀርባ እያሻሸች ስታነክስ አየናት። ጂቱ እጇን አውለበለበችላት እንጂ እረፊ አላለቻትም።

«ጅማታቸው ሲበጠስ ያን ጊዜ ለተክሉ ይገባዋል» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

የሁለቱ ቡድኖች ጨዋታ ቀን የቡራዩ ልጆች እንደ ጥይት ነበሩ። የእኛዎቹ እግር እንደ ድንጋይ ከብዷል። ተክሉ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ተዘጋ። እኔ የሱሉልታ ነዋሪዋ ለቡራዩ እልል አልኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ሊያልቅ ሲል ሳምሪ ኳስ ይዛ ተነሳች። ገና ከመፈትለኳ ጭኗን ይዛ ወደቀች። ጂቱ በዚያ በታመመ ጉልበቷ እያነከሰች ሜዳ ገባች። ሳምሪ ቀና ብላ አየቻት።

«ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ ታዪኝ ነበር። ታውቂ ነበር አይደል?»

ጂቱ ጎንበስ ብላ የሳምሪን ጫማ ትፈታ ጀመር።

ተክሉ ተባረረ፤ ይበለው፣ አሁንም እላለሁ። ክለቡ ጂቱን መልሶ ጠራት፣ ልምምዱም የእሷ መሆኑ ታወቀ። እሷ ግን ከሰዓት ከሰዓት ሳምሪ ቤት እየሄደች እግሯን ታሻታለች፣ መራመድ ታለማምዳታለች። ሳምሪ በሩን ትከፍትላታለች፣ እግሯን ትዘረጋላታለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።