የቃሬዛው ትከሻ

እግሬ ሸተተ። የራሴ እግር ነውና ሸሽቼው የት እሄዳለሁ? እናቴ እንኳ ቁስሉን ስትፈታልኝ ፊቷን ታዞር ነበር። ቅጠሉም ጠበሉም ተሞክሮ ቁስሉ ወደ ጉልበቴ ይወጣ ጀመር።

በዚያ ሰሞን አምበር ገበያ ላይ አዋጅ ተነገረ። የጣልያን መንግሥት ሕዝቡን ሁሉ በነፃ ያክማል ተባለ። ሁሉን ሲል ግን ለጣልያን ገብቶ ጠመንጃውን ያስረከበውንና ቤተሰቡን ነው። አዋጁን ያሰማን፣ ከትናንት ወዲያ ለአርበኞች ስንቅ አዋጡ ሲለን የነበረው ያው ጭቃ ሹማችን ነው። «በነፃ» ሲል ከንፈሩን ይልስ ነበር።

በእኛ አገር በሽተኛ የመንደሩ ነው። ቃሬዛ ከተነሣ ወንዱ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል፤ ተቀያይሞ የከረመ እንኳ ትከሻውን አይነፍግም። አባቴ «ጠመንጃ የለኝም ብዬ ሐኪሞቹን እለምናለሁ» ቢል፣ አራት ጎረቤቶቻችን ተሸክመውኝ ደብረ ማርቆስ ድረስ ወጡ። ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ ከጀርባዬ ሥር ነበር። አባቴ ሲያስተኛኝ «ዝም በይ» ብሎኛል። ሰደፉ ጎኔን እየወጋኝ፣ እነሱ ላብ በላብ ሆነው «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያሉኝ፣ ዝም አልሁ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ አባቴ ጠመንጃውን ስቦ አወጣው። የሁሉ ታላቅ የሆነው ጎረቤታችን ትከሻውን በእጁ ጠራረገ።

«ይኸን ነው ያሸከምኸን?»

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው።»

«የእኛስ ልጆች ጫካ አይደሉም?»

እንትፍ አለና ሄደ። ሦስቱም ተከተሉት።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ጠመንጃውን አገላብጦ አየ፤ እኔን አላየኝም። ሐኪሙ አፍንጫውን ሸፍኖ የበሰበሰውን ሥጋ ቆርጦ ጣለ፤ ዳንሁ። መድኃኒታቸው ጥሩ ነበር፤ ከሁሉ የሚያንገፈግፈኝም እሱ ነው።

ስመለስ ቃሬዛ የሚይዝ ጠፋ። አባቴ እንደ ሕፃን አዝሎኝ መንደር ሲገባ ያየን ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ጣልያን ወጣ። ያው ጭቃ ሹም፣ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ድምፅ የንጉሡን መመለስ አወጀ። ሰዉም እልል አለለት። ለእሱ ይቅርታ ሞልቶ ተርፏል።

በዓመቱ አባቴ ሞተ። ወንድሜ ደጅ ቆሞ እንደ ወጉ ተጣራ። ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፤ ሰው ግን አልወጣም። በእኛ ወግ ሴት አስከሬን አትሸከምም። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ከወንድሜ ጋር ቃሬዛውን ከፊት ያዝሁ፤ እናቴና እህቴ ከኋላ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው።

እግሬ እስከ ላይ አላመመኝም።