ፊቷ የሌለበት ፎቶ

ልጄን የወለድኩት ባለቤቴ ድንበር ላይ በዘመተበት ጊዜ ነው። በፈቃድ በመጣ ጓደኛው በኩል አንድ መልእክት ብቻ ላከልኝ፤ «የልጄን ፊት አሳዩኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።» ጓደኛው ወደ ጦሩ ከመመለሱ በፊት ፎቶዋን ልሰድለት ቆረጥኩ።

አማቴ ግን አራስ ቤት ካሜራ እንዳይገባ ገዘቱ። በእኛ በደብረ ታቦር ክርስትና ያልተነሳ ጨቅላ ለባዳ አይገለጥም፤ የተኛ ከሆነማ ጭራሽ። ሴት ልጅ ደግሞ ሰማንያ ቀኗን ትጠብቃለች። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ አኩርፌ ምግብ ተውኩ፤ በመጨረሻ ተረቱልኝ። ተረቱ አልኩ እንጂ የተረታሁትስ እኔ ነበርኩ።

ፎቶ አንሺው ከገበያው ዳር ካለው ሱቁ ጭቃውን እያቦካ መጣ። ክረምት ስለነበር በሩ ሲከፈት የጉና ተራራ ብርድ ቀድሞት ገባ። ልጄ ጠብታ ጠግባ ተኝታለች፤ ከንፈሯ በእንቅልፍ ልቧም ይጠባል። አማቴ ነጠላቸውን አወረዱና ከአናቷ እስከ እግሯ ሸፈኗት።

«እማማ፣ ፊቷን ካልገለጡልኝ ምኑን ላንሳው?» አለ ፎቶ አንሺው።

«እንዲያው አንሳው። አባቷ መኖሯን ካየ ይበቃዋል።»

«የነጠላ ፎቶ ከሆነ የፈለጉት እኮ፣ ሱቄ ድረስ ይዘውት ቢመጡ ይሻል ነበር!»

«አፍህን ያዝና ሥራህን ሥራ!»

እጄን ወደ ነጠላው ሰደድኩ። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ተይ አንች! ክርስትናዋን ስትነሳ እንደ ልብሽ ፎቶ ታስነሻታለሽ። ምን ያስቸኩልሻል?» ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ገፍቻቸው ነበር። ሁለት ልጆች ቀብረዋል፤ የሁለቱንም ሞት በሰው ዓይን ነው የሚያመካኙት። እጄን መለስኩ። ካሜራው ብልጭ አለ፤ ልጄ አልነቃችም እንኳን።

ክርስትናዋ ሳይደርስ ሳል ያዛት። ጤና ጣቢያ አድርሰናት ነበር፤ ሳንባዋ ነው አሉን። ይዘናት ስንመለስ እቅፌ ውስጥ አለፈች። ጎረቤቱ ሁሉ «ለጨቅላ እንዲህ አይለቀስም፣ ልጅ ይተካል» እያለ አፌን ዘጋኝ። እንዴት ነው የሚተካው? ድስት ናት እንዴ ልጄ? እኔ የፈለግሁት መጮህ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከለከሉኝ።

ባለቤቴ ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰ። መርዶውን እዚያው ሳለ ሰምቷል። ፎቶውን ከደረት ኪሱ አወጣው፤ ጠርዙ አልቋል። ጓደኞቹ «ሽንብራ ቋጥረው ነው የላኩልህ» እያሉ ይስቁበት እንደነበር ነገረኝ። እሱም ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ «ምን ትመስል ነበር?» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ጠራሁት። የመጣልኝ ነጠላው ብቻ ነው። የዚያ ፎቶ ሌላ ቅጂ እኔም ዘንድ ነበር፤ ማታና ጠዋት ሳየው መኖሬ እውነተኛ ፊቷን ከልቤ አጥፍቶብኛል። ያጠባኋትን ልጅ አፍንጫ አላውቀውም። ቅንድቧን አላውቀውም። አምላኬ፣ እናት ይህን ትረሳለች?

«አንተን ነው የምትመስለው» አልኩት።

«አፍንጫዋስ?»

«አፍንጫዋም።»

እጁን ወደ ገዛ ፊቱ ሰደደ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ቀስ ብሎ ዳሰሰና ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። እሱ የሚያለቅስለት ፊት አገኘ። እኔ እስከ ዛሬ የለኝም።