ከአቮካዶው የተንጠለጠለችው መኪና

ባለፈው እሑድ ልጄ ትዕግሥት ለልጇ ዥዋዥዌ ልታስር ጓሮ ወጣች። እኔ ኩሽና ሆኜ ጎመን እከትፍ ነበር። ልጇን ስታስቀምጥበት ገመዱ ተወጠረ፣ የአቮካዶው ቅርንጫፍ ሲጢጥ አለ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እዚሁ ዲላ፣ እዚሁ ግቢ፣ ከዚሁ ዛፍ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ከፋለ ናዝሬት ያደገ ባትላሜራ ነው፤ የተጨፈለቀ መኪና መትቶ ያቀናል፣ የዛገውን ቆርጦ ይበይዳል። አንድ ቀን ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ነጋዴ ከሟች ወንድማቸው የቀረች ስፖርት መኪና አስጎትተው አመጡ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ቀይ። ስንት ዓመት ዶሮ ጫጩት ሲፈለፍልባት እንደኖረ እንጃ።

«ከፋለ፣ ወንድሜ ሙሽሪቱን ያመጣው በዚች ነው። እንዳትሞትብኝ» አሉት።

ከላይ ስትታይ ቆንጆ ናት። ከፋለ ግን ከሥር የሚሸከማትን የብረት አፅም፣ ሻንሲዋን፣ በመዶሻ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ደረቀ ቆጮ ተፈረፈረ። «ቦዲው ካልተነሳ ይሄ አይሠራም» አለ። ሳምንት ሙሉ ቡሎን ሲፈታ ከረመ። ጣሪያ የሌላት መኪና ስትነሳ ወገቧ ይታጠፋል ብሎ የበሮቿን ክፍተት በብረት ወጠረው። ያን ሁሉ ያሰበ ሰው፣ ቦዲውን በሰንሰለት የሚያነሳበትን ፓራንኮ የት አሰረው? አቮካዶው ላይ!

እኔ እዚሁ ዲላ አጠገብ የጪጩ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ አቮካዶ ላይ የወጣ ልጅ ይገረፋል። ወፍራም ይመስላል እንጂ እንጨቱ ከሃዲ ነው። ጠዋት «ዋንዛው ላይ አድርገው» ስለው፣ «ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዋንዛው አጥሩ ጥግ ነው፤ መኪናዋን እስከዚያ መግፋት ሰልችቶት ነው። እኔም ልብሴን ላጥብ ሄድኩ። አጥብቄ አለመከራከሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ቀዩ ጭቃ ይጤሳል፤ ከዋናው መንገድ የሞያሌ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል። ቦዲው በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ከፋለ አጎንብሶ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ቅርንጫፉ ሲጢጥ አለ። ቀና ስል ቦዲው አንድ ጣት ያህል ወርዷል። ዝቅ ብዬ ሳይ ደግሞ የሦስት ዓመቷ ትዕግሥት ከአባቷ ጎን ሻንሲው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

ልጮህ ብል ድምፄ ጠፋ። እግሬ ግን ሄደ። ልጄን በብብቷ አንጠልጥዬ አወጣኋትና ማዶ ጭቃው ላይ አስቀመጥኳት፤ አለቀሰች።

«ከፋለ፣ ውጣ!»

«ይቺን ጥግ ልጨርስ።»

«ዛፉ እየተገነጠለ ነው እኮ!»

«ፓራንኮው ነው፣ ቅባት ስላጣ። ሂጂ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተመልሼ ገብቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ። ልጅህን ሐጂ ያሳድጓት።»

አየኝ። የምሬን መሆኑን ሲረዳ ብሩሹን ጥሎ እጄን ይዞኝ ወጣ።

ሰንሰለቱን ላውርድ ብሎ ሲነካው ቅርንጫፉ እንደገና ጮኸ። ያኔ አገሬ የጎጆ ክዳን እንዴት እንደሚጫን ትዝ አለኝ። ክዳኑ መሬት ላይ ይሠራል፤ ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ በአጣና ተሸክሞ እኩል ያነሳዋል። አጥሩ ጋ ቆሜ ተጣራሁ። ስምንት ሰው መጣ። ማንም ከሥሩ ሳይገባ አራት ረጃጅም አጣና ከጎን ወደ ጎን አሳለፉ።

«ቤት ነው ብላችሁ ያዙ!» አሉ ጎረቤታችን ጋሽ ዱካሌ።

«ምን ዓይነት ቤት ነው፣ ምድጃ የለው!» አለች ሚስታቸው ከወዲያ ጫፍ። እየሳቁ አነሱት። ከፋለ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ቦዲውን በትከሻ ወስደው ዋንዛው ሥር ድንጋይ ላይ አሳረፉት።

ከፋለ መሰላል አቁሞ ወጣ። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋ ተሰንጥቋል፤ እጁን ቢሰደው እስከ አንጓው ገባ። ወርዶ እጁን ታጠበ። ምሳ ላይ ቆጮውን በጎመን እየጎረሰ «መሐንዲስ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ያ ሆነ። መኪናዋም ዳነች፤ ሐጂ በእግራቸው መጥተው በእሷ ሄዱ።

እሑድ ዕለት ይህ ሁሉ ከኩሽና ጓሮ እስክደርስ በዓይኔ ሄደ። «አውርጃት!» አልኳት ትዕግሥትን፤ ይህን ጊዜ ድምፄ አልጠፋም። ልትከራከር ስትል አባቷ ከበረንዳው «መሐንዲሷን ስሚ» አላት። ገመዱን ፈትተን ዋንዛው ላይ አሰርነው። መጀመሪያ እኔ ራሴ ተቀመጥኩበት። ዛፉ ምንም አላለም።

ከዚያ የልጅ ልጄን አስቀመጥናት። እግሯን ስታወዛውዝ ልክ እናቷን ትመስላለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልቤ እስኪረጋ አየኋት። ልጄ ደህና ናት፣ ልጇም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።