ገጽ አርባ አንድ

አክስቴ «አይሆንም» ማለትን የተማረችው በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አፏ የሚያውቀው «እሺ»ን ነበር። ታላቅ ወንድሟ፣ አባቴ፣ ሲያዛት እሺ፤ ደንበኛ ሲነዘንዛት እሺ፤ ዝናብ መስኮቷን ሲያንኳኳ እንኳ ቀና ብላ እሺ የምትለው ይመስለኝ ነበር።

የጽሕፈት ክፍሏ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ናት። ጣሪያዋ ደረጃውን ተከትሎ ወደ ውስጥ እያዘቀዘቀ ስለሚሄድ ረዥም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። ሰው ቆሞ ሲነግራት ፊቱን እያየች ነው የምትተይበው፤ ጣቶቿ ከእሷ ተለይተው የሚኖሩ ሌሎች ፍጥረታት ይመስላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ መስታወት ስትገባ የወረቀት ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል፤ መኪናው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከማዶ አውቶቡሶች የሩቅ አገር ስም እየተጠራላቸው ይወጣሉ። እዚያ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት የቆየ ሰው ቁጭ ባለበት የተጓዘ ይመስለዋል።

ጓደኛዋ «ጣቴ» ትላታለች። እሷ ደግሞ ጓደኛዋን «ደመና» ትላታለች። ስሙ የወጣው አራተኛ ክፍል ሳሉ ነው። በአንድ ዴስክ ተቀምጠው፣ ጓደኛዋ በመስኮት ወደ ላይ ስታይ፣ መምህሩ «አንቺ፣ ከደመናው ላይ ውረጂና ስምሽ ሲጠራ አቤት በዪ!» አሏት። አልወረደችም። አድጋ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆነች፤ ከመስኮቷ ፊት ሰልፉ እየተጋፋ እሷ ስለ ሰማይ ወንዝ ታስባለች።

የምትጽፈው በተበላሹ የተሳፋሪ ዝርዝር ቅጾች ጀርባ ላይ ነው። በፊት ለፊቱ የመቀመጫ ቁጥርና የሰው ስም፣ በጀርባው መርከብ። የሰው ስም ስትጽፍ ፊደሏ ቀጥ ያለ ነው፤ ወረቀቱን ገልብጣ ልብ ወለዷን ስትይዝ ግን ዶሮ የጫረው ይሆናል። «ባዶ ወረቀት ያስፈራኛል» ትላለች። «ከጀርባው ሰው ካለ አይዞሽ የሚለኝ ይመስለኛል።»

ልብ ወለዱ አምስት መጽሐፍ ነው። ወንዝ በሰማይ ላይ በሚፈስባት አገር አንዲት መርከበኛ የወንዙን ምንጭ ፍለጋ ትሄዳለች። ከኋላዋ ፋኖስ ይዛ የምትከተላት አብሮ አደግ ጓደኛ አለቻት፤ መብራት ያዧ።

ደመና ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ገጾች ታመጣለች። ያንን ጽሕፈት ከአክስቴ በቀር የሚያነበው የለም፤ ሳምንት ካለፈው ራሷ ደመናም አታነበውም። ስለዚህ ሰኞ መጥታ አክስቴ የተየበችውን የመጨረሻ ገጽ ትወስድና፣ ከዚያ ገጽ መጨረሻ ቃል ትቀጥላለች። ወደ ኋላ ተመልሳ አታይም።

ነገሩ የተበላሸው በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ድምፁ ከአውቶቡሱ ስለሚበልጥ «ጥሩምባው» የሚሉት ሾፌር የተሳፋሪ ዝርዝሩን ይዞ ዘው አለ።

«እትዬ፣ ቶሎ በይልኝ! ሦስት ሰው ተጨምሮብኛል፣ ሞተሩ እንደበራ ነው!»

«እሺ» አለች አክስቴ። ሦስቱን ስም ጨመረችና ወረቀቱን ከመኪናው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠረጴዛው ላይ ግን የደመና ገጾች ተደፍተው ተዘርግተዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ፣ ሁሉም በአንድ እጅ የተሞላ። ሾፌሩ «ኧረ እትዬ!» እያለ ሲያዋክባት አንዱን አንስታ ሰጠችው። አጥፎ ኪሱ ከተተና ሮጠ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሩን ሳይከፍት ነው መጮህ የጀመረው።

«እትዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«ምን አደረግኩ ጋሼ?»

«ኬላ ላይ ተቆጣጣሪው ስም ይጠራል፣ አቤት የሚል የለም! አርባ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ አንድም ሰው ስሙን አያውቅም! በመጨረሻ አንዲት አሮጊት አዘኑልኝና እጃቸውን አውጥተው ‹እኔ ነኝ ልጄ› አሉ። የተጠራው እኮ የወንድ ስም ነው!»

አክስቴ አልሳቀችም። «ወረቀቱስ?»

«ተቆጣጣሪው ወሰደዋ! ገልብጦ ጀርባውን አየና ‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?› አለኝ። እኔ ምን አውቄ፣ የሐኪም ማዘዣ ነው አልኩት።»

የሄደው የዚያ ሳምንት የመጨረሻ ገጽ ነበር፤ አክስቴ ገና አላነበበችውም። ደመና ደግሞ በእነዚያ ቀናት መጻፉን ልትተው አንድ ሐሙስ ነው የቀራት፤ የሥራ ባልደረቦቿ «ደራሲዋ መጣች» እያሉ ሲስቁባት ከርመዋል። አንድ ገጽ ጠፋ ብትባል ሌላውን ሁሉ ቀዳ እንደምትጥለው አክስቴ ታውቃለች። እሑድ ከሰዓት ክፍሏን ከውስጥ ዘግታ ተቀመጠች።

ገጽ አርባ የሚያበቃው ሁለቱ ሴቶች ከደመና ላይ በተንጠለጠለ የገመድ መሰላል ሥር ሲቆሙ ነው። መብራት ያዧ እስከዚያ ድረስ ከእሺ በቀር ቃል ተናግራ አታውቅም። አክስቴ መሰላሉን በዓይነ ሕሊናዋ ስታየው ቆየች፤ ነፋሱ ያወዛውዘዋል፣ ከላይ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ፋኖሱ ይሞቃታል። ከዚያ ጣቶቿ ጀመሩ። መብራት ያዧ የመጀመሪያውን እርከን ረገጠችና ዞር አለች። «እፈራለሁ» አለች። «ግን እመጣለሁ።»

ሰኞ ደመና ገጹን ቆማ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

አክስቴ አዲስ ወረቀት መኪናው ውስጥ ማስገባት ጀመረች። ደመና ግን መልስ አልጠበቀችም።

«ጎበዝ ነኝ እኮ! በሕልሜ ሳልጽፈው አልቀርም። አየሽ ጣቴ፣ ይቺ ልጅ ለካ አፍ አላት!»

ከዚያ ወዲያ መብራት ያዧን የሚያቆማት አልተገኘም። በሁለተኛው መጽሐፍ ከዋክብትን ማንበብ ተማረች፤ መርከበኛዋ የምትጠይቀው እሷን ሆነ። በሦስተኛው ተጣሉ። «ሁልጊዜ ከኋላሽ ስለሆንኩ ፊቴን ረስተሽዋል» ብላት ሄደች፤ ሦስት ቀን ሙሉ መርከቧ በጨለማ ተጓዘች፤ በአራተኛው ቀን ኩርፊያዋን ሳትተው ተመለሰች። በአራተኛው መጽሐፍ መርከበኛዋ ስትታመም መሪውን የያዘችው እሷ ናት። መጽሐፎቹ እየታተሙ ሲወጡ ልጆች በመናኸሪያው አድራሻ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የሚበዛው ሰላምታ ለመብራት ያዧ ነው። አክስቴ ደብዳቤዎቹን ለደመና ጮክ ብላ ታነብላትና አንገቷን ትደፋለች። ከአርባ አንድ በኋላ አንድም ቃል ጨምራ አታውቅም። የእሷ ያ አንድ ገጽ ብቻ ነበር።

አምስተኛው ሲጻፍ እኔ ከአክስቴ ጋር መኖር ጀምሬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ፊቷ ልክ እንዳልሆነ አየሁ። በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ከወንዙ ምንጭ በፊት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ድልድይ አለ። መርከበኛዋ እንድትሻገር መብራት ያዧ ከወዲህ ቆማ ፋኖሱን ትይዝላታለች። ከዚያ ጎርፉ ይመጣል፤ ፋኖሱ ይጠፋል። ገጽ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት።

ሰኞ ደመና ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ እስከ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ድረስ ብቻ ነበር።

«የመጨረሻው የታለ?»

«አልተየብኩትም።»

«አሞሽ ነው እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አይሆንም፣ አልተይበውም።»

ደመና ወደ እኔ ዞረች። «ሰማሽ? አክስትሽ አይሆንም አለች። ቀኑን ጻፊው!» ስቃ ስትጨርስ ግን አክስቴ አልሳቀችም ነበር።

«ለምን ትሞታለች?» አለች አክስቴ።

«ታማኝ ናታ! አንባቢ ያለቅሳል፣ መርከበኛዋ ትሻገራለች፣ መጽሐፉ ያልቃል።»

«ታማኝ ስለሆነች ትሙት?»

«ጣቴ፣ ምን ነካሽ? የወለድኳት እኔ ነኝ እኮ።»

«ብቻሽን አይደለም» አለች አክስቴ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሾፌሩን፣ ኬላውን፣ ያቺን እሑድ።

ደመና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። 

«ገጽ አርባ አንድ ላይ ወደ ቤቷ መልሻት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሰልችታኝ ነበር። መሰላሉ ሥር ፋኖሷን ታስቀምጥና ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ አለቀ። ሰኞ መጥቼ ሳነብ እመጣለሁ ትላለች። እኔ ደግሞ ራሴን ጎበዝ አልኩት።» ወደ አክስቴ ዞረች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያ ልጆች ሰላም የሚሉት አንቺን ነበራ። አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ታነቢልኛለሽ።»

ብድግ ስትል ጣሪያውን ረስታ ራሷን ገጨችው። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ራሷን በእጇ ይዛ ወጣች።

ሦስት ሳምንት አልመጣችም። አክስቴ የኪራይ ውል ስትተይብ አከራዩን ሁለት ጊዜ ጻፈችው፤ በሕይወቷ ያልሠራችውን። መንገዱ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም፤ በመስኮቱ የደመናን መሐረብ እናያለን፤ ግን ወንዝ የገባበት ያህል ሰፍቶ ነበር።

«ለወረቀት ሰው ብዬ እውነተኛዋን አጣሁ» አለችኝ አንድ ቀን።

«አክስቴ፣ ሂጂና ይቅርታ በያት። ገጹንም ተይቢላት፣ ይለፍ።»

ጫማዋን ከወንበሩ ሥር ሳበች። «ይቅርታውን እላታለሁ። ስለደበቅኳት ጥፋተኛ ነኝ። ገጹን ግን አልተይብም።»

ልትሄድ ጫማዋን ስታስር በሩ ተበረገደ። ጥሩምባው ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ጸጉሩ ነጥቷል፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው።

«እትዬ፣ ከትኬት መስኮቱ ወረቀት ተልኮልሻል! ዛሬስ ሁለት ጊዜ አይቼ ነው ያመጣሁት!»

የተሳፋሪ ዝርዝር ነበር። ከአርባ አምስቱ መቀመጫ የተሞላው ሁለቱ ብቻ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ፊደል። መቀመጫ አንድ፣ መብራት ያዧ። መቀመጫ ሁለት፣ መርከበኛዋ።

አክስቴ ገለበጠችው። ከላይ 288 የሚል ቁጥር፣ ከሥሩ ምንም።

«ባዶ ነው» አልኩ።

«አይደለም» አለች ወረቀቱን በመዳፏ እየዳበሰች። «ከጀርባው ሰው አለ።»

መኪናው ውስጥ አስገባችው። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ብናኙን ታዋኘዋለች። አክስቴ ስትተይብ ጣቶቿን ስታይ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። መብራት ያዧ ፋኖሱን ለመርከበኛዋ አቀበለቻት። «አሁን አንቺ ያዢልኝ» አለቻት። «እኔ ቀድሜ እሻገራለሁ። ከማዶ እሳት አነድልሻለሁ፤ በእሱ ብርሃን ትመጫለሽ።» እሺ አለች መርከበኛዋ። በአምስቱ መጻሕፍት ውስጥ እሷ እሺ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

አክስቴ ገጹን አውጥታ እፍ አለችበትና መንገዱን ተሻገረች። ጓደኛ ነኝ ብላ በጎን አልገባችም፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች። እኔ ከበራችን ሆኜ አያታለሁ። አንድ ሰው፣ ሌላ ሰው፣ ሻንጣ የያዘች ሴት፤ ከዚያ ተራዋ ደረሰ። ደመና ቀና ሳትል «ወዴት ነው?» አለቻት።

«እስከ ምንጩ» አለች አክስቴ፣ ገጹን በቀዳዳው እያሳለፈች። «ሁለት ሰው።»

ደመና ቆማ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ደመና ሁለት ትኬት ቆረጠችና አንዱን በቀዳዳው ለአክስቴ አሳለፈችላት፤ ሁለተኛውን ኪሷ ከተተች።