ተድላ ሞተሩን ሲያሳርፍ

ተድላ የጌሻ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ። ከጎጃም ተመድቦ የወረዳው ከተማ ደካ በገባበት ክረምት የተረከባትን ሞተር ሳይክል አቃጠላት። የደካ ጭቃ ሞተሩን የሚያናፍሱትን ስስ የብረት ክንፎች ደፍኗቸው፣ ዳገት መሃል ጨሶ ቀረ። ቢሮው በሙሉ ሳቀበት። "ጋሽ ተድላ ሞተር ጠበሱ" ተባለ። ኩሩ ሰው ነው፤ ያቺን ሳቅ አልረሳትም።

ሁለተኛዋን ሲረከብ ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ዘይቷን ያያል፣ በክንፎቹ መሃል የደረቀውን ጭቃ በቀርከሃ ስንጥር ይፍቃል፣ ዳገት በጨረሰ ቁጥር አጥፍቶ ፊቷን ወደ ንፋስ ያዞራል። ወላፈኑ ሳይበርድለት ንቅንቅ አይልም። ሚስቱ ዘነበች "ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?" ትለው ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ዘነበች ደካ ጤና ጣቢያ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። አዋላጇ "ቦንጋ ሆስፒታል ያድርሷት፣ ይፍጠኑ" አለችው። ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጥተው፣ እሷን ከጀርባው ጋር በጋቢ አሰሯት።

የመጀመሪያውን ዳገት እንደጨረሰ አጠፋ።

"ተድላ፣ በማርያም አታቁም።"

"ከተቃጠለ ጫካ ውስጥ መቅረታችን ነው" አላት። እውነቱን ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከነእሷ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን መፋቅ ጀመረ።

መንገድ ዳር የሚያርሙ ገበሬዎች ሮጠው መጡ። አንዱ ሞተሩ ላይ ውሃ ሊደፋ ሲል ተድላ "ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ልትሰነጥቀው ነው?" ብሎ ጮኸበት።

"እንግዲያው በቃሬዛ እንያዛት፤ ሲበርድልህ ትደርስብናለህ" አሉት።

"በእግራችሁ ሞተር ልትቀድሙ?" ብሎ ሳቀባቸው። ይህቺን ሳቁን እኔ ይቅር አልለውም። እነሱ ግን እስኪነሳ ድረስ ከመንደር ያስመጡትን ቃሬዛ ይዘው ቆመው ነበር።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ሲያቆም ዘነበች አልለመነችውም። ሦስተኛውም ላይ ዝም አለች። ተሻላት ብሎ ደስ አለው፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ተረጋግቶ፣ ሞተሩን በደንብ አሳርፎ ተነሳ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ጋቢውን ፈታች። "ወንድሜ፣ ከሞተች እኮ ቆይታለች" አለችው።

ተድላ ሥራውን ለቆ፣ ልጁን ታቅፎ አገሩ ገባ። ሞተር ሳይክሏ ምንም አልሆነችም። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ።