ጠዋት የተባለው ክኒን

በዚያ እሁድ ደብረ ታቦር ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሳምንቱ ነው። የኳስ ሜዳው ሣር ነጭ ለብሶ፣ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ብዙነሽ መሥሪያ ቤቷ ያደላትን ሰማያዊ ቱታ ከታች ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ ተከናንባ ሜዳው ዳር ቆማለች። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮንትራት የጽዳት ሠራተኛ ሆና ስምንት ዓመት ወለል ስትወለውል፣ ትልቅ ሰው ሲሮጥ ያየችው ሌባና ፖሊስ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ግን ከላይ መመሪያ ወረደ። ሠራተኛው ሁሉ እሁድ እሁድ ስፖርት ይሥራ፣ ጨውና ቅባት ይቀንስ፣ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ ተባለ። ሽማግሌዎች «ቅዳሴ ልታስቀሩን ነው ወይ?» ብለው ስላጉረመረሙ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሆነ። የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል።

በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው አሚና ገበያ አገኘሁ ብላ ፔርሙሷን ይዛ ሜዳው ድረስ መጥታለች። ብዙነሽን ስታይ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አንቺ ብዙዬ! ከወገብ በታች ኳስ ተጫዋች፣ ከወገብ በላይ አስቀዳሽ!»

«ዝም በይ እባክሽ! ሟቹ ባሌ እንዲህ ሆኜ ቢያየኝ ሁለተኛ ይሞት ነበር።»

ሮጠው ሲጨርሱ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ሕይወት ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ትለካ ጀመር። የብዙነሽን ግፊት አንድ ጊዜ ለካች። ጥቂት ካስቀመጠቻት በኋላ ደግማ ለካች።

«እትየ፣ ራስዎን አያምዎትም?»

«አልፎ አልፎ ማጅራቴን ይይዘኛል። ድካም ነው።»

«መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ነው። ይሄ ድካም አይደለም» አለች ሕይወት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ጤና ጣቢያ ይምጡ። ለማንም አልናገርም።»

በማግስቱ ክኒን ሰጠቻት። «በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት። ሻል አለኝ ብለው እንዳያቋርጡ፤ የዕድሜ ልክ ነው» አለቻትና ከኋላ የተሰለፈውን ጠራች። ጠዋት ያለቻት እንዳትረሳው ብላ ነበር፤ ይህን ግን አልነገረቻትም። ብዙነሽም አልጠየቀችም። ከአራተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠ ሰው የሐኪምን ቃል እንደ ግዝት ነው የሚይዘው።

እስከ ጾሙ መግቢያ ድረስ አንድ ቀን ሳታዛንፍ ዋጠች። ማጅራቷ ለቀቃት፣ እንቅልፏም ተመለሰ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ብዙነሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በጉሮሮዋ አታሳልፍም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ክኒኑን አወጣችና በመዳፏ ይዛ ብዙ አሰበች። ጠዋት ብትውጠው ጾሟ ይፈርሳል። ማታ ብትውጠው የሐኪሟ ቃል ይፈርሳል፤ ያለ ሰዓቱ የተዋጠ መድኃኒት ደግሞ መርዝ ይሆናል ሲሉ ሰምታለች። መልሳ ከተተችው። ቅዳሜና እሁድ፣ ቅዳሴ ወጥታ ስትመለስ ብቻ ልትውጥ ቆረጠች።

የዚያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተው ነበር። አንድ ማክሰኞ ሁለቱም ሴቶች አፋቸው ደርቆ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ብዙነሽ ማጅራቷን ስታሽ አሚና አየቻት። ከነርሷ ሌላ ስለ ክኒኑ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ክኒንሽን አልወሰድሽም እንዴ?»

«ጾም አይደል?»

«እናቴም እኮ የግፊት ናት። በረመዳን ካፈጠረች በኋላ ነው የምትውጠው፤ ሐኪሙ ፈቅዶላት።»

«የሷ ሌላ ይሆናላ። የኔን ጠዋት ብላኛለች።»

«ታዲያ ሄደሽ ጠይቂያታ! እግርሽ ለሩጫ ብቻ ነው?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ። የንስሐ አባቷ ቄስ መልካሙ ቢጠየቁ «መድኃኒት ነው፣ ውሰጂ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» እንደሚሏት ታውቃለች። ግን ታምሜአለሁ የሚለው ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ የት ደርሶ እንደሚቆም አይታወቅም። አምና ዘበኛው ዘውዱ ስኳር ተገኘበት። «እስኪሻለው ይረፍ» ተባለ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ማንም አልጠራውም። የብዙነሽ ኮንትራት የሚያልቀው ሰኔ ነው፤ ከዚህ ሥራ ሌላ እንጀራ የላትም።

በጾሙ በሦስተኛው እሁድ ሕይወት እንደገና ለካቻት። ብዙነሽ ትናንትም፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስም ውጣለች።

«መቶ ሃምሳ በዘጠና አምስት! ገና ነው፣ ግን ወርዷል እትየ! በየቀኑ ይወስዳሉ አይደል?»

«አዎ ልጄ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

አለቃዋ አቶ አስናቀ በዚያ ሲያልፉ ወርዷል የሚለውን ሰሙ። ምን እንደወረደ አልጠየቁም። «አያችሁ! አንድ እሁድ ቀርተው አያውቁም። አርአያ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ሜዳው ዳር በተሰቀለው ባነር ሥር አቁመው ፎቶ አስነሷት። «ከእንግዲህ ከፊት የሚሮጡት እርስዎ ነዎት፣ እትየ ብዙነሽ።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲቆም በጆሮዋ ውስጥ ሌላ ድምፅ ቀረ፤ በሩቁ እንደሚሰማ ወፍጮ ያለ። ከዚያ ቀን በኋላ ታምሜአለሁ ማለት ጭራሽ የማይታሰብ ሆነ።

ወፍጮው አልቆመም። ሐሙስ ሐሙስ ይብሳል። ዓርብ ደረጃ ስትወጣ ዐይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይመጣል፤ ግድግዳ ይዛ እስኪያልፍ ትቆማለች። ቅዳሜ ክኒኑን ስትውጥ ይቀላታል። «ለፋሲካ ምን ቀረው» እያለች ራሷን ታጽናናለች። እሁድ ከፊት ትሮጣለች።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የሁለተኛውን ፎቅ ደረጃ እየወለወለች ሳለ መወልወያው ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ልታነሣው ስትል እጇ አልሄደላትም። ባልዲው እየተንኳኳ ደረጃውን ወረደ፤ እሷም ተከተለችው።

መጀመሪያ የደረሰችው አሚና ናት።

«ብዙዬ! ምን ሆንሽ? እረ ሰው! እረ የሰው ያለህ!»

ብዙነሽ አልታመምኩም ልትል ፈለገች። ምላሷ አልነሣላት አለ። የከንፈሯ አንድ ወገን ወደ ታች ወርዷል።

ሕይወት ወሬውን ሰምታ ሆስፒታል ድረስ መጣች። አሚና የክኒኑን ዕቃ ከብዙነሽ ቤት፣ ከትራሷ ሥር አምጥታ ሰጠቻት። ነርሷ ከፈተችው፤ ገና ብዙ አለበት።

«ለምን አልወሰዱም?»

«ጠዋት ብለሻት! በጾም ጠዋት እንዴት ትዋጥ?»

ሕይወት የዕቃውን ክዳን መልሳ ገጠመች። «ማታም እኮ ይቻል ነበር» አለች። «ምንም ለውጥ የለውም። ለማስታወስ እንዲቀላቸው ብዬ ነው።»

ብዙነሽ ነቅታ ነበር። ሰማች። የሚታዘዛትን አንዱን ዐይኗን ብቻ ጨፈነች።

ሰኔ መጣ፣ ኮንትራቷም አለቀ። በቦታዋ ሌላ ሴት ተቀጠረች፤ ወጣት ናት፣ ደህና ትሮጣለች ይላሉ።

ብዙነሽ አሁን ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ገሳይ፣ ከእህቷ ከሙሉ ዘንድ ናት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም። ቀን ቀን በር ላይ ያስቀምጧታል፣ ሲመሽ ያስገቧታል።